እርጥብ ማገዶና የልጆቻችን ሳንባ

ደባርቅና ዳባት ላይ ክረምት ሲገባ፣ ልጅ የሚያስል እናት ስትመጣ «ማገዶው ደርቋል ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። እርጥብ እንጨት በደንብ ሳይነድ ይጨሳል፤ ጭሱም ሕፃናትን ለሳንባ ምች ያጋልጣል።

ስለዚህ፦

1. ባሕር ዛፉን ቀድማችሁ በበጋ ፍለጡት። ፍልጥ ከግንድ ቶሎ ይደርቃል።

2. መሬት ላይ አትከምሩት፤ ከሥሩ ድንጋይ አድርጋችሁ ደርድሩት።

3. ላዩን በቆርቆሮ ሸፍኑ፣ ጎኑን ለንፋስ ተዉት። ዙሪያውን በላስቲክ ከጠቀለላችሁት ይሻግታል።

4. ምድጃ አጠገብ አትከምሩ፤ እሳት ይነሳል።

ሁለት ፍልጥ አጋጩ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደርቋል። ደረቁም ቢሆን ይጨሳልና በርና መስኮት ክፈቱ።

ልጁ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ «ጭስ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አገር ቤት ላሉ እናቶቻችሁ ደውላችሁ ንገሯቸው።