የወረርሽኝ ገደብና የገበሬው ጓዳ

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየደጃፉ የሚጤሰው ጢስ የአንድ ክፉ ዘመን መታሰቢያ ነው። በ1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን በመታ ጊዜ፤ ወራቱ የመኸር አዝመራ የሚሰበሰብበት ነበር። የታመመ ገበሬ አያጭድም፤ ያልታጨደ እህልም በማሳው ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ወረርሽኝ የሐኪም ቤት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጎተራም ጉዳይ ነው።

ወደ ጎተራው የሚደርሰው ግን በሽታው ብቻ አይደለም። በሽታውን ለመከላከል የሚወጣው ገደብም እንዲሁ ይደርሳል። ይህን ስንል ገደብን መንቀፋችን አይደለም፤ ተላላፊ በሽታ ከሰው ወደ ሰው የሚሄድበትን መንገድ መዝጋት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ የጤና ጥበቃ ዘዴ ነው። ነገር ግን መድኃኒት በልክ ሲሰጥ እንደሚያድን፤ ያለ ልክ ሲሰጥም እንደሚጎዳ ሁሉ፤ ገደብም መጠኑና አፈጻጸሙ ካልታሰበበት የሚጠብቀውን ሰው ሊያስርብ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ይህ እንዴት እንደሚሆንና ጤናንም እህልንም በአንድነት ለመጠበቅ ምን ማድረግ እንደሚገባ እናስረዳለን።

1ኛ. የምግብ ዋስትና ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ቤተ ሰብ የምግብ ዋስትና አለው ለማለት አራት ነገሮች መሟላት አለባቸው። መጀመሪያ፤ ምግቡ ባካባቢው መኖር አለበት። ሁለተኛ፤ ቤተ ሰቡ በራሱ ምርት ወይም በገንዘቡ ሊያገኘው ይገባል። ሦስተኛ፤ ምግቡ ንጹሕና የተመጣጠነ ሆኖ ሰውነት ሊጠቀምበት ይገባል። አራተኛ፤ እነዚህ ሦስቱ ለአንድ ሳምንት ወይም ለአንድ ወር ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ሊዘልቁ ይገባል።

ብዙ ሰው «ገበሬ እህል አምራች ነውና አይራብም» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። የአገራችን አነስተኛ ገበሬ ማሳ በአማካይ ከአንድ ሄክታር እምብዛም አይበልጥም። ከዚያ የሚገኘው እህል በአያሌ ቤቶች እስከሚቀጥለው አዝመራ አያደርስም። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ የጎተራ መራቆቻ ወራት ናቸው። በእነዚህ ወራት ገበሬው ራሱ ሸማች ነው፤ ዶሮውን፣ እንቁላሉን፣ በጉን ወይም ጉልበቱን ሸጦ እህል ይገዛል። ስለዚህ ገበያ ሲዘጋበት የሚጎዳው ሁለት ጊዜ ነው፤ የሚሸጥበትንም የሚገዛበትንም ያጣል።

2ኛ. በ2012 ዓ.ም. ምን ሆነ?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ሕመምተኛ ባገራችን መገኘቱ ተገለጠ። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። መጋቢት 30 ቀንም ለአምስት ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ የሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎችም ከመቀመጫቸው እኩሌታውን ብቻ እንዲጭኑ ታዘዘ። አንዳንድ ክልሎች ደግሞ ከዚህ አስቀድሞ ከክልል ወደ ክልል የሚደረገውን የመንገደኛ ጉዞ አግደው ነበር።

እርሻ አልተከለከለም፤ የጭነት መኪናም እንዲያልፍ ተፈቅዶ ነበር። እንዲያውም መንግሥት ገበሬው በክረምቱ አንድም መሬት ጦም እንዳያሳድር ይመክር ነበር። ሆኖም በዚያው ዓመት የበረሃ አንበጣ መንጋ በአያሌ ወረዳዎች ሰብልና ግጦሽ አጥፍቶ ስለ ነበር፤ «ሰኔና ሰኞ ገጠመ» እንደሚባለው መከራው ተደራርቦ መጣ።

3ኛ. ገደቡ ወደ ማሳው የሚደርስባቸው መንገዶች

ሀ) በገበያ በኩል። ጤፍና ስንዴ ጎተራ ገብቶ መልካም ቀን ሊጠብቅ ይችላል፤ የበሰለ ቲማቲም ግን ጥቂት ቀን፤ ወተትም ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው የሚጠብቀው። ከመቂና ከዝዋይ (ባቱ) አካባቢ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ቲማቲም በገበሬው፣ በደላላው፣ በለቃሚው፣ በጫኙ፣ በሹፌሩ፣ በጅምላ ነጋዴውና በቸርቻሪው እጅ ያልፋል። ከእነዚህ አንዱ ከቀረ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። የጭነት መኪና እንዲያልፍ ቢፈቀድም፤ ለቃሚውና ጫኙ የሚመጡበት የሕዝብ መኪና ከተከለከለ ወይም ዋጋው ከተወደደ ጭነቱ በማሳው ላይ ይቀራል። የከተማ ወሬም የራሱን ጉዳት ጨመረ፤ በአዲስ አበባ አያሌ ሸማቾች ጥሬ አትክልት በሽታውን ያስተላልፋል ብለው ሠግተው እንደ ነበር በዚያ ጊዜ የተደረገ ጥናት ገልጧል። ኮቪድ 19 ግን በዋነኛነት የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው፤ በምግብ አማካይነት ስለ መተላለፉ ማስረጃ አልተገኘም። አትክልትን በንጹሕ ውኃ ማጠብ ለሌሎች የሆድ በሽታዎች ሲባል ምንጊዜም የሚገባ ነው፤ አትክልትን መተው ግን የሚበላውንም የሚያመርተውንም ይጎዳል።

ለ) በጉልበት በኩል። ድሀ ገበሬ በደመወዝ ሠራተኛ አይቀጥርም፤ በደቦና በወንፈል ነው የሚያርመውና የሚያጭደው። ሃያ ሰው በአንድ ማሳ ላይ ሲሰለፍ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከሚከለክለው ትእዛዝ ጋር ይጋጫል። ደቦው ቢቀር አረሙ ሰብሉን ይውጠዋል፤ በተለይም ሴት ብቻዋን በምታስተዳድረው ቤትና በአረጋውያን ቤት ጉዳቱ ይበረታል።

ሐ) በዘርና በማዳበሪያ በኩል። ማዳበሪያ ከውጭ አገር ተገዝቶ በጂቡቲ ወደብ ይገባል። የመዝሪያው ጊዜ ከዝናቡ ጋር የተቀጠረ ስለ ሆነ፤ ሁለት ሳምንት የዘገየ ማዳበሪያ ለዚያ ዓመት እንደ ቀረ ይቈጠራል።

መ) በገንዘብ በኩል። በከተማ በቀን ሥራ የሚተዳደረው የገበሬው ልጅ ሥራው ሲቆም፤ በዐረብ አገር የምትሠራው ልጁም ያለ ደመወዝ ስትመለስ፤ ለቤቱ የሚላከው ገንዘብ ይቋረጣል። ለፋሲካ በግ ያሰባው ገበሬም፤ በዓሉ ሚያዝያ 11 ቀን፤ ማለት ዐዋጁ በታወጀ በ11ኛው ቀን ስለ ዋለ፤ በጉን እየነዳ ወደ ገበያ የወጣው ሕዝቡ በፍርሃት ቤቱን በዘጋበት ሳምንት ነበር።

እነዚህ አራቱ ሲገናኙ ገበሬው በመጨረሻ በሬውን ይሸጣል። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ዕዳ ይከፈላል፤ የቀጠነ ሰውነትም ይመለሳል፤ በሬውን የሸጠ ገበሬ ግን በሚቀጥለው ዓመት አንድ በሬ ብቻ ቀርቶለት መቀናጆ ፍለጋ ይዞራል፤ ሁለቱንም ከሸጠ ደግሞ መሬቱን ለሌላ ያሳርሳል። ገደቡ በአምስት ወር ያልፋል፤ የበሬው እጦት ግን ዓመታትን ይቈያል። በቤት ውስጥም አስቀድሞ የሚቀረው የልጆቹ ወተትና እንቁላል ነው። በምግብ የተጎዳ ሕፃን በኩፍኝ፣ በሳንባ ምችና በተቅማጥ ለመሞት ይቀርባል። እንዲህ ሆኖ በአንድ በር ያባረርነው በሽታ በሌላ በር ይገባብናል።

4ኛ. ከሌሎች አገሮች የተገኘ ትምህርት

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2014 እስከ 2016 ዓ.ም. በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን የኢቦላ በሽታ ከ28,000 በላይ ሰዎችን ይዞ ከ11,000 በላይ ገድሏል። በዚያ ጊዜ በአያሌ ቦታ ሳምንታዊ ገበያዎች ተዘጉ፤ መንደሮች ተከበቡ፤ ሩዝ በኅብረት የሚያጭዱ የሥራ ማኅበሮችም ፈሩ። ከዚያ የተገኘው ትምህርት ግልጥ ነው፤ ከቤቱ እንዳይወጣ የታዘዘ ሰው እህልና ውኃ ካልቀረበለት፤ ረኃቡ ራሱ ገደቡን ያስጥሰዋል። ስለዚህ ምግብ ማቅረብ የምጽዋት ሥራ ብቻ ሳይሆን የበሽታ መከላከያ ሥራ ነው። ባገራችንም በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር በ2012 ዓ.ም. ለተረጂዎቹ የሥራ ግዴታውን ለጊዜው አንሥቶ ክፍያውን አስቀድሞ መስጠቱ በዚሁ አሳብ ነበር።

5ኛ. ምን ማድረግ ይገባል?

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ 19 ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስታውቋል። ነገር ግን ወረርሽኝ ዳግመኛ እንደማይመጣ ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። ስለዚህ ከአሁኑ የሚከተሉትን ልብ እንድትሉ እናሳስባለን።

ገበያን ከመዝጋት ገበያን ማስፋት ይሻላል። በ2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባው አትክልት ተራ ከጠባቡ ቦታ ለጊዜው ወደ ጃንሜዳ መዛወሩ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በየከተማውም ሻጮችን በሰፊ ሜዳ ላይ አራርቆ ማስቀመጥ፤ በመግቢያው ውኃና ሳሙና ማኖር፤ የእህሉን፣ የከብቱንና የአትክልቱን ገበያ በተለያየ ቀን ማድረግ ይቻላል።

ደቦ ሲወጣ በአነስተኛ ቡድን ተከፍሎ፤ ተራርቆ መሰለፍ ይገባል። በማሳ ላይ ነፋስ ስለ አለ ከሥራው ይልቅ የሚያሠጋው ምሳው ነው፤ በአንድ ጣሳ ጠላ እየተቀባበሉ መጠጣትና በአንድ ጎጆ ተፋፍጎ መብላት ይቅር፤ እያንዳንዱም የራሱን መጠጫ ይያዝ።

መምህራን ሆይ፤ ዐዋጅ ሲወጣ ምን እንደ ተከለከለና ምን እንዳልተከለከለ ለይታችሁ ለወላጆች አንብቡላቸው። ያልተከለከለውን እንደ ተከለከለ አድርጎ የሚፈራ ገበሬ አዝመራውን ያጣል። የከተማ ነዋሪዎችም ያልተመረመረ ወሬ ከማሠራጨት ተቈጠቡ፤ «ይህን አትብሉ» የሚል አንድ ቃል የአንድን ወረዳ ምርት ሊያበሰብስ ይችላልና።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. የምግብ ዋስትና አራቱ ነገሮች ምን ምን ናቸው?
2. ገበያ ሲዘጋ ገበሬው ሁለት ጊዜ የሚጎዳው ስለ ምንድን ነው?
3. የጭነት መኪና እንዲያልፍ ተፈቅዶ ሳለ ቲማቲም በማሳው ላይ የሚቀርበትን ምክንያት አስረዱ።
4. በሬ መሸጥ ከሌላው ጉዳት ሁሉ የሚከፋው ለምንድን ነው?
5. የከተማችሁን የገበያ ቦታ ሥዕል ሥላችሁ፤ ወረርሽኝ ቢመጣ ሻጮቹ የሚቀመጡበትንና የእጅ መታጠቢያው የሚኖርበትን ስፍራ አመልክቱ።