መኝታ ሳታገኚ አትውጪ፣ ሥራ እስክታገኚ ግን አትጠብቂ

«የ27 ዓመት ሴት ነኝ፤ በመተማ በኩል ካርቱም ከገባሁ አራት ዓመት ሆነኝ። አማራት ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ አብሳይም፣ ልብስ አጣቢም፣ ሞግዚትም ሆኜ እሠራለሁ። የምተኛው ልብስ የሚተኮስበት ክፍል ውስጥ ስለሆነ እንግዳው ሳይሄድ፣ ቤቱም ሳይተኛ ጎኔን አላሳርፍም። ማዳም እጇን አንስታብኝ አታውቅም፤ ጩኸቷ ግን ያንቀጠቅጠኛል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ራሴን ያመኛል፣ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍም አጥቻለሁ። ደመወዜ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተጨመረም። ፓስፖርቴን ‹ለኢቃማ (ለመኖሪያ ፈቃድ)› ብላ ማዳም ይዛዋለች። ጓደኛዬ ‹ነገውኑ ውጪ› ትለኛለች። ዴም ሰፈር የሚኖሩ እንደ እናት የማያቸው ሴት ደግሞ ‹ሌላ ሳታገኚማ እንዳትወጪ፣ እንጀራ ነው፣ ቻይው› ይሉኛል። ጎንደር ላለችው እናቴ የምልክላት እኔ ብቻ ነኝ። ልውጣ ወይስ ሌላ ሥራ እስካገኝ ልታገሥ?»

ድካም የበዛባት፣ ከካርቱም፣ የካቲት 2014 ዓ.ም.

እህቴ፣ ሁለቱም መካሪዎችሽ ለአንቺ አስበው ነው የተናገሩት፤ ግን ሁለቱም ሥራሽን ብቻ ነው ያዩት። በዚያች ማዳም እጅ የገባው ሥራሽ ብቻ አይደለም፤ መኝታሽና ወረቀትሽም አሉ። የባንክ ሠራተኛ ሥራዋን ብትለቅ ማታ የምትገባው ቤቷ ነው። አንቺ ብትለቂ ግን የዚያኑ ዕለት ማታ ሻንጣሽን ይዘሽ መንገድ ላይ ነሽ፣ ያውም ያለ ፓስፖርት። ስለዚህ «ነገውኑ ውጪ» የሚለውን አልደግፈውም። «ሌላ እስክታገኚ ቻይው» የሚለውን ደግሞ ከዚያ ባልተናነሰ እቃወመዋለሁ፤ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ከሰው ቤት የማትወጣ ሴት ሌላ ሥራ የምትፈልገው መቼ ነው? እንዲህ ያለው ትዕግሥት ዓመት ይፈጃል እንጂ ሥራ አያመጣም። እኔ የምልሽ አስቀድመሽ መኝታ ፈልጊ ነው። የራስሽ መኝታና የተወሰነ ስንቅ ከኖረሽ፣ ሥራ ባይገኝም መውጣት ትችያለሽ።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። ሮበርት ካራሴክ የተባለ ተመራማሪ የስዊድንና የአሜሪካ ሠራተኞችን መረጃ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጥናት፣ ሰውን አብዝቶ የሚያስጨንቀው የሥራ ብዛት ብቻውን እንዳልሆነ አሳይቷል። ጭንቀቱ የሚከፋው ሥራው በዝቶበት ሳለ ሠራተኛው መቼና እንዴት እንደሚሠራ የመወሰን ነፃነት ሲያጣ ነው። የአንቺ ደብዳቤ ይህንኑ ይናገራል። ስለ ድስቱም ስለ ልብሱም አንድ ቃል አላማረርሽም፤ ያማረርሽው እንግዳው ሳይሄድ መተኛት ስለማትችይ ነው። ያንኑ ድስት ተመላላሽ ሆነሽ ብትሠሪው አመሻሽ ላይ በሩን ዘግተሽ ትወጫለሽ፤ ጩኸቱም እዚያው ይቀራል። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው 189ኛው ስምምነትም ይህን ከቁም ነገር ቆጥሮታል፤ የቤት ሠራተኛ አሠሪው ቤት ማደር አለማደሯን ተስማምታ የመወሰን፣ በዕረፍቷ ሰዓት ቤቱ ውስጥ ያለመቆየት፣ ፓስፖርቷንም በእጇ የመያዝ መብት እንዳላት ይደነግጋል። ሱዳን ስምምነቱን አላፀደቀችውምና ከማዳም ጋር ልትከራከሪበት አትችዪም። ምን ብትጠይቂ ነውር እንዳልሆነ ግን ይነግርሻል።

መኝታውን የማስቀድምበት ሌላም ምክንያት አለ። የካርቱም የቤት ሥራ በማስታወቂያ አይወጣም። አንዷ አገሯ ልትገባ ስትል፣ ሌላዋ ስትወልድ፣ አንድ ቤተሰብ ሰው ሲጨመርበት፣ ወሬው የሚሰማው ዴም ቡና በሚፈላበት ቤትና ዓርብ ዓርብ የአገራችን ልጆች በሚሰበሰቡበት ነው። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ ሶሲዮሎጂስት በአሜሪካ ሠራተኞች ላይ ባደረገው ጥናት በሰው በኩል ሥራ ካገኙት ብዙዎቹ ወሬውን የሰሙት ከቅርብ ወዳጅ ይልቅ አልፎ አልፎ ከሚያገኙት ሰው እንደነበር አሳይቷል። አንቺ በሳምንት የምታገኚያቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱንም በደብዳቤሽ አውቄያቸዋለሁ። ሦስት ልጆች በሚጋሩት ክፍል ውስጥ ደባል ብትሆኚ ግን የእነሱ ማዳሞች፣ የማዳሞቹ ጎረቤቶች ሁሉ ወሬ ማታ ማታ ፍራሽሽ ድረስ ይመጣልሻል።

«ኪራይ ከየት ይመጣል? እናቴስ?» እንደምትዪ አውቃለሁ፤ ከባዱ ተቃውሞም ይኼ ነው። መጀመሪያ ላጣው ነው ብለሽ የምትፈሪው ደመወዝ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ አስይው። በየካቲት 2013 የሱዳን ማዕከላዊ ባንክ የዶላርን ይፋዊ ዋጋ ከ55 ፓውንድ ወደ 375 ፓውንድ አድርሶታል። 5,500 ፓውንድ የምታገኝ ሴት በባንኩ ስሌት 100 ዶላር የነበረው ደመወዟ 15 ዶላር እንኳ አልሞላ አለ ማለት ነው። በርግጥ የጥቁር ገበያው ምንዛሪ ቀድሞም ወደዚያው ሄዶ ነበርና ኪሳራው በአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም፤ ደመወዙ ያልተጨመረለት ሰው ግን ሙሉውን ከፍሎታል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የሱዳን የዋጋ ንረት ከ400 በመቶ አልፎ ነበር። ለእናትሽ ታስቢው የነበረው ገንዘብ ገና ሥራ ሳትለቂ ቀንሷል። ስለዚህ ለእናትሽ ደውይላትና ለሁለት ለሦስት ወር የምትልኪው እንደሚያንስ፣ ምክንያቱንም ሳትደብቂ ንገሪያት። በሚተርፈው ገንዘብ የሁለት ወር የኪራይ ድርሻሽንና የምግብሽን ያዢ፤ ከዚያ በታች ሆነሽ አትውጪ። ልጅ ታምማ ሐዋላው ጨርሶ ከሚቋረጥና ለጥቂት ወር ከሚያንስ እናት የምትመርጠው የትኛውን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም።

መኝታ ስትፈልጊ ኪራዩን ብቻ አትይ፣ ወንዙንም እይ። ከጥቅምት 2014ቱ መፈንቅለ መንግሥት ወዲህ ሰልፍ በተጠራ ቁጥር ድልድዮቹ በኮንቴይነር ሲዘጉ፣ ስልኩና ኢንተርኔቱም ሲቋረጡ ቆይተዋል። ከወንዙ ማዶ፣ ኦምዱርማን ወይም ባሕሪ፣ ርካሽ ክፍል ብታገኚ፣ ሥራሽ ግን ካርቱም ከሆነ፣ በወር ውስጥ ስንት ቀን ልትቀሪ እንደምትችዪ አስቢ። ተመላላሽ ደግሞ ደጋግማ ከቀረች ትባረራለች። ዴም ትንሽ ቢወደድም ከአማራት በእግር ይደረሳል።

«ማዳም ይህን ስትሰማ ያኔውኑ ታስወጣኛለች» ብትዪ፣ ልታደርገው ትችላለች፤ ለዚህ ነው ነገሩ በቅደም ተከተል መሄድ ያለበት። ክፍሉ ተገኝቶ ልብስሽ ቀስ በቀስ ሳይወጣ፣ የወሩ ደመወዝ እጅሽ ሳይገባ፣ ፓስፖርትሽም ሳይመለስ አፍሽን እንዳትከፍቺ። ፓስፖርቱን ለመጠየቅ ጠብ አያስፈልግም፤ «የሚታደስበትን ቀን ማየት እፈልጋለሁ» ወይም «ገንዘብ ለመላክ ተጠየቅሁ» ማለት ይበቃል። በዚያው አጋጣሚ ኢቃማው በማን ስም እንደወጣና መቼ እንደሚያበቃ አንብቢ ወይም አስነብቢ። እምቢ ካለች ብቻሽን አትሟገቺ። የሱዳን የ1997 እ.ኤ.አ. የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከሽፋኑ ውጭ አድርጓቸዋልና በዚያ ሕግ ተማምነሽ ፍርድ ቤት አትሄጂም። እዚህ ላይ ነው የዴሟ እናት የሚጠቅሙሽ። «ቻይው» ከማለት ይልቅ ዓረብኛ የሚችል አንድ የተከበረ ሰው ይዘው ቤቱ ድረስ ቢመጡ ይረዳሻል፤ ማዳምም በጎረቤት ፊት ስሟ እንዲነሣ አትወድም። ያም ካልሆነ የኢትዮጵያ ኤምባሲ አለ። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ግን ሌላ ሥራ ከመፈለግሽ በፊት ለራሷ ለማዳም «ተመላላሽ ልሁንልሽ» በያት። አብራሽ ልጇን ያሳደገች ሴት አዲስ ሰው ከምታለማምድ ልትስማማ ትችላለች፤ ከተስማማች ደግሞ ደመወዙን እንደ አዲስ ተነጋገሩ።

ምናልባት «ሻይ ልሽጥ» ብለሽ አስበሽ ይሆናል። ሥራው የተከበረ ነው፤ የካርቱሟ የሻይ ሻጮች ማኅበር መሪ አዋዲያ ማሕሙድ ኮኮ እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ድረስ ተጠርታ ዓለም አቀፍ የጀግና ሴቶች ሽልማት ተቀብላለች። ይሁን እንጂ ካሻ (የፖሊስ አፈሳ) መጥቶ ወንበርሽንና ማንቆርቆሪያሽን ሲጭን መልሰሽ የምትገዢበት ገንዘብ ያስፈልግሻል። አሁን ያንን አትችዪም። ቆይቶ ይታይ።

ራስ ምታቱንና የልብ ምቱን ሐኪም ይየው። እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ያመጡት ሊሆን ይችላል፣ የደም ማነስም ሊሆን ይችላል፤ ሥራ ብትለቂም በራሱ የማይለቅሽ በሽታ ካለ ዛሬውኑ ማወቅ አለብሽ።

እስካሁን ያልሁት ማዳም በምትጮህበት፣ እጅ ግን በማይነሣበት ቤት ነው። አንድ ቀን ብትመታሽ፣ ከቤቱ ወንዶች አንዱ ሌሊት በርሽን ቢያንኳኳ፣ ወይም በር ተቆልፎብሽ ብታድሪ፣ ያስቀመጥሽው ገንዘብ ባይሞላም ፓስፖርቱም ባይገኝም ውጪና የዴሟ እናት ጋ ግቢ፤ ወረቀቱን ከዚያ ሆነው ሌሎች ይጠይቁልሻል። ያ ካልደረሰ በሚመጣው ዓርብ የምትሠሪው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዴም ሂጂና ደባል የምትፈልግ ልጅ እንዳለች ጠይቂ።