ብቅ ባይ አጭር መልእክቶች በአማርኛ የስልክ መተግበሪያዎች፦ የቆይታ ጊዜ፣ የቃላት ቅደም ተከተልና የመልእክት ዓይነት መረጣ

አኅጽሮተ ጥናት

በስልክ ገጽ ላይ ለአፍታ ብቅ ብለው የሚጠፉ አጫጭር መልእክቶች ወደ መተግበሪያ ለመጨመር ቀላል ናቸው፤ በአግባቡ መጠቀም ግን ጥንቃቄ ይሻል። ይህ ጽሑፍ በአንድሮይድ ሥርዓት «ቶስት» እና «ስናክባር» በመባል የሚታወቁትን ሁለት የመልእክት ዓይነቶች ካነጻጸረ በኋላ፣ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር መዋቅር በእነርሱ ላይ የሚያስከትለውን ችግር ይመረምራል። ዋና መከራከሪያው የሚከተለው ነው፦ በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ በመጨረሻ ስለሚመጣ፣ ከመጨረሻው የሚቆረጥ መልእክት የተሳካውን ተግባር ካልተሳካው የሚለየውን ቃል ሊያጣ ይችላል።

ቁልፍ ቃላት፦ አንድሮይድ፣ ቶስት፣ ስናክባር፣ ማሰሪያ አንቀጽ፣ ተደራሽነት

1. መግቢያ

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በኢትዮጵያ ገንዘብን በስልክ ማስተላለፍ የዕለት ተዕለት ተግባር እየሆነ መጥቷል። በእንዲህ ዓይነት አገልግሎቶች ውስጥ «ተልኳል» እና «አልተላከም» በሚሉት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የቋንቋ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ክፍያው እንዳልደረሰ ያልተረዳ ሰው ዕዳውን እንደከፈለ ይቆጥራል፤ መድረሱን ያልተረዳ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ሊልክ ይችላል። ስለዚህ የመልእክቱ ቅርጽ፣ ቆይታና አጻጻፍ ሊጠና የሚገባው ጉዳይ ነው።

2. የቶስት አሠራርና ገደቦቹ

ቶስት ከአንድሮይድ የመጀመሪያ እትም ጀምሮ ያለ መሣሪያ ነው። ለመጨመር ሦስት ነገሮች ይበቃሉ፦ የመተግበሪያው ኮንቴክስት፣ የሚታየው ጽሑፍና የቆይታ ጊዜው። እነዚህን ተቀብሎ መልእክቱን የሚያዘጋጀው «ሜክቴክስት» የተባለው ትእዛዝ ነው። ቀጥሎ «ሾው» የሚለው ትእዛዝ ካልተጠራ ምንም ነገር አይታይም፤ ይህም ጀማሪ አበልጻጊዎችን ብዙ ጊዜ የሚያደናግር ዝንጋታ ነው።

ቆይታውን አበልጻጊው እንደፈለገ መወሰን አይችልም። ምርጫዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ አጭሩ 2 ሰከንድ፣ ረጅሙ 3.5 ሰከንድ ያህል ይቆያል። መልእክቶቹ ተራ ጠብቀው ስለሚታዩ፣ ሦስት ረጃጅም ቶስቶች በአንድ ጊዜ ቢጠሩ የመጨረሻው የሚታየው 7 ሰከንድ ያህል ካለፈ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ተጠቃሚው ወደ ሌላ ገጽ ተሻግሮ፣ መልእክቱ የሚናገረው ስለየትኛው ተግባር እንደሆነ ላይለይ ይችላል።

የሥርዓቱ ባለቤቶች ገደቦቹን ከጊዜ ወደ ጊዜ እያጠበቁ መጥተዋል። አንዱ ምክንያት ደኅንነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ቶስትን በሌላ መተግበሪያ ገጽ ላይ በመደረብ ተጠቃሚን ለማታለል የሚያስችል ክፍተት ተገኝቶ በዚያው ዓመት መስከረም ወር በወጣ ማሻሻያ ተደፍኗል። በአንድሮይድ 11 ደግሞ ከበስተጀርባ ያለ መተግበሪያ በራሱ ቅርጽ የተሠራ ቶስት እንዳያሳይ ተከልክሏል። አንድሮይድ 12 የቶስት ጽሑፍን በሁለት መስመር ወስኖ የመተግበሪያውን ምልክት ከጎኑ አድርጓል። ለአማርኛ አበልጻጊ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ገደብ ነው።

3. የማሰሪያ አንቀጹ ችግር

የሚከተሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ለምሳሌ ይወሰዱ።

ሀ) ዛሬ ጠዋት በዚህ ስልክ ቁጥር ወደ ተቀባዩ የባንክ ሂሳብ ያስተላለፉት 500 ብር ደርሷል።
ለ) ዛሬ ጠዋት በዚህ ስልክ ቁጥር ወደ ተቀባዩ የባንክ ሂሳብ ያስተላለፉት 500 ብር አልደረሰም።

ሁለቱ እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ አንድ ናቸው። ጠባብ ገጽ ባለው ወይም የፊደሉ መጠን በተጨመረበት ስልክ ላይ ጽሑፉ ከሁለት መስመር ካለፈ የሚቆረጠው መጨረሻው ነው፤ በቦታውም ነጠብጣብ ይተካል። ተጠቃሚው የቀረውን ሁሉ አንብቦ ውጤቱን ግን አያውቅም። ፊደላቸውን የሚያሳድጉት ብዙ ጊዜ የማየት ችግር ያለባቸውና በዕድሜ የገፉ ሰዎች በመሆናቸው ጉዳቱ ይበልጥ የሚያገኘው እነርሱን ነው።

ጽሑፉ ሳይቆረጥ ቢታይም የጊዜው ጉዳይ ይቀራል። በደቂቃ 120 ቃላት የሚያነብ ሰው ቢታሰብ በ2 ሰከንድ 4፣ በ3.5 ሰከንድ 7 ቃላት ያነብባል። ከላይ ያሉት ዓረፍተ ነገሮች እያንዳንዳቸው 13 ቃላት ስላሏቸው፣ አንባቢው ማሰሪያ አንቀጹ ጋ ሳይደርስ መልእክቱ ይጠፋል።

መፍትሔው በራሱ በአማርኛ ሰዋስው ውስጥ ይገኛል። «አልደረሰም» የሚለው አሉታ «ያልደረሰ» ወደሚለው ቅጽል ሲለወጥ ከስሙ ይቀድማል። በመሆኑም «ያልደረሰ ክፍያ፦ 500 ብር» ተብሎ ሲጻፍ ውጤቱ በመጀመሪያው ቃል ይታወቃል፤ መጨረሻው ቢቆረጥ እንኳ የሚጠፋው ዝርዝሩ ብቻ ነው።

4. የቁጥርና የአክብሮት ጉዳይ

አንድሮይድ በቁጥር የሚለዋወጡ ጽሑፎችን የሚመርጠው በየቋንቋው በተደነገገ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት በአማርኛ 0 እና 1 በአንድነት በነጠላው ክፍል ይመደባሉ። ስለዚህ አበልጻጊው በነጠላው ክፍል «አንድ መልእክት ተልኳል» ብሎ ከጻፈ፣ ምንም ሳይላክ ሲቀርም ይኸው ጽሑፍ ይታያል። ከስህተቱ ለመዳን በ«አንድ» ምትክ ቁጥሩ ራሱ የሚገባበትን ቦታ መተው፣ ለ0 ደግሞ የተለየ መልእክት ማዘጋጀት ይገባል።

ትእዛዝ አዘል መልእክት ሲጻፍም «ሞክር» ወይም «ሞክሪ» ማለት የተጠቃሚውን ጾታ አስቀድሞ መወሰን ነው። «ይሞክሩ» የሚለው የአክብሮት ቅርጽ ለሁለቱም ጾታ ያገለግላል።

5. ቶስት ወይስ ስናክባር?

ቶስት ጣት ሲነካው ምላሽ አይሰጥም፤ ካለፈም ተመልሶ አይገኝም። ስናክባር ግን በገጹ ግርጌ እየታየ «መልስ» ወይም «እንደገና ይሞክሩ» የሚል አንድ አዝራር መያዝ ይችላል። የተለመዱት ቆይታዎቹ 1.5 እና 2.75 ሰከንድ ሲሆኑ ከቶስት እንኳ ያጥራሉ፤ ነገር ግን ተጠቃሚው እስኪያሰናብተው እንዲቆይ ማድረግ ይቻላል። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ ደግሞ ተጠቃሚው በተደራሽነት ቅንብር የመረጠውን ረዘም ያለ የንባብ ጊዜ መተግበሪያዎች ጠይቀው መረዳት ይችላሉ።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ደረጃዎች ሊለዩ ይችላሉ። ተጠቃሚው ባያየው ምንም የማይጎዳው መልእክት፣ ለምሳሌ «ተቀድቷል»፣ በቶስት ቢገለጽ ይበቃል። ሊቀለበስ ወይም ሊደገም የሚችል ተግባር ለስናክባር ይስማማል። ገንዘብን፣ ጤናን ወይም የማይመለስ ስረዛን የሚመለከት ጉዳይ ግን ተጠቃሚው ራሱ በሚዘጋው መስኮት ቀርቦ በመተግበሪያው መዝገብ ውስጥም ሊቀመጥ ይገባል።

6. መደምደሚያ

ብቅ ባይ መልእክትን መጨመር የጥቂት የኮድ መስመሮች ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የመሣሪያው ገደቦች የተተለሙት የአማርኛን ማሰሪያ አንቀጽ ቦታ ታሳቢ በማድረግ አይደለም፤ ስለሆነም ከሌላ ቋንቋ ቃል በቃል የተመለሰ መልእክት ኮዱ ትክክል ሆኖ ሳለ ተጠቃሚውን ሊያሳስት ይችላል። ውጤቱን በመጀመሪያው ቃል ማስቀመጥ፣ የፊደሉን መጠን ከፍ አድርጎ መፈተሽ፣ ቁጥሩን 0 አድርጎ መሞከርና ከባድ ጉዳይን በቶስት አለመግለጽ ማንኛውም አበልጻጊ ያለ ተጨማሪ ወጪ ሊፈጽማቸው የሚችሉ አራት እርምጃዎች ናቸው።