የናፍጣ ሞተር ሲታወክ ምክንያቱን ለይቶ ስለ ማወቅ

ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ አብዛኛው የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ዕቃ የሚገባውና የሚወጣው በጅቡቲ ወደብ በኩል መሆኑ የታወቀ ነው። ገበሬው ለክረምት እርሻው የሚጠብቀው ማዳበሪያም የሚመጣው በዚሁ በር ነው። ከጅቡቲ ከተማ ተነሥቶ በዲክሂል፤ በጋላፊና በሚሌ አድርጎ ወደ ደጋው የሚወጣ የጭነት መኪና በረሓ ላይ የቆመ እንደሆነ ጉዳቱ የባለመኪናው ብቻ አይደለም፤ የዘር ወቅት ማንንም አይጠብቅምና ገበሬውም የጉዳቱ ተካፋይ ይሆናል።

ናፍጣ ከሰርባትዮው በቧንቧ ተስቦ በፊልትሮ ከተጣራ በኋላ ወደ ትልቁ ፖምፓ ይገባል፤ ከዚያም በኢንጄክተሮቹ አማካይነት እንደ ጉም ሆኖ ወደ ሞተሩ ይረጫል። ብዙ ሰዎች ሞተሩ ኃይል ባጣ ጊዜ ወዲያው ፖምፓውን ያስፈታሉ፤ ከብዙ ወጪ በኋላ ግን ጥፋቱ የአንድ ፊልትሮ መቆሸሽ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ደንቡ ናፍጣው በሚሄድበት ቅደም ተከተል ከሰርባትዮው ጀምሮ መመርመር ነው።

1ኛ፤ ውሃ። የጅቡቲ አየር የባሕር ዳር አየር ስለሆነ እርጥበት ይበዛበታል። ሰርባትዮው ጎደሎ ሆኖ ሲያድር በባዶው ቦታ ያለው እርጥበት ሌሊት በብረቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ወደ ናፍጣው ይወርዳል። ከፊልትሮው ማፍሰሻ ጥቂት ናፍጣ በንጹሕ ጠርሙስ ቀድቶ ጥቂት ማቆየት ይገባል፤ ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ካለ ከሥር ተለይቶ ይታያል። መድኃኒቱ ውሃው እስኪያልቅ ማፍሰስ፤ ለወደፊቱም ሰርባትዮውን ማታ ሞልቶ ማሳደር ነው።

2ኛ፤ ክዳን። መኪናው ጥቂት ሄዶ የሚጠፋ፤ ቆይቶም የሚነሣ ከሆነ የሰርባትዮውን ክዳን መክፈት ነው። አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ ከተሰማና ሞተሩ ከዚያ በኋላ ደኅና ከሠራ መተንፈሻው በአቧራ ተደፍኗል ማለት ነው።

3ኛ፤ ፊልትሮ። በሜዳ ደኅና ሄዶ ዳገት ላይ ኃይል የሚያጥረው ሞተር ብዙውን ጊዜ ፊልትሮው የቆሸሸበት ነው፤ ዳገት ብዙ ናፍጣ ይጠይቃልና።

4ኛ፤ አየር። ናፍጣ ካለቀ ወይም ፊልትሮ ከተለወጠ በኋላ ሞተሩ አልነሣ ካለ በቧንቧው ውስጥ አየር ገብቷል። የማስተንፈሻውን ቡሎን አላልቶ፤ አረፋ የሌለበት ናፍጣ እስኪወጣ ድረስ በእጅ ፖምፓው መግፋት ያስፈልጋል።

5ኛ፤ ጭስ። ሞተሩ ሲዞር ምንም ጭስ ካልታየ ናፍጣ አልደረሰም። ነጭ ጭስ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣን ወይም የራዲያተር ውሃን፤ ሰማያዊ ጭስ የዘይት መቃጠልን ያመለክታል። ጥቁር ጭስ ናፍጣው ከአየሩ መብዛቱን ስለሚናገር ከኢንጄክተሩ አስቀድሞ የአየር ማጣሪያውን ማየት ይገባል። ደግሞም ጅቡቲ በባሕር ጠለል አጠገብ ስትሆን አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚያ አየሩ በሩብ ያህል ይሳሳል። ተርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ደጋ ሲደርስ ቢያጨስ ሁልጊዜ ጥፋት አለበት አይባልም።

ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ከተገኘ ብቻ ፖምፓውና ኢንጄክተሩ ለባለሙያ ይሰጡ። በአዳዲሶቹ መኪናዎች የኢንጄክተር ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር ይበልጣል፤ ከዚያ የሚፈናጠር ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባልና ሞተሩ እየሠራ ቧንቧውን ማላላት ወይም በእጅ መዳሰስ ፈጽሞ አይገባም። የተወጋ ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

የትራክተርና የመስኖ ውሃ መሳቢያ ሞተርም በናፍጣ የሚሠራ ስለሆነ ገበሬው በዚሁ ሥርዓት ሊመረምረው ይችላል። አንድ ትርፍ ፊልትሮና አንድ ንጹሕ ጠርሙስ የያዘ ሰው ከብዙ ወጪና ከመንገድ ላይ መቆም ይድናል።