አንጀቱ ለሚታወክ ሰው አሰር ያለውን ምግብ ስለ መምረጥ

ሐኪሞች አይቢኤስ የሚሉት የአንጀት መታወክ ያደረበት ሰው አሰር የበዛበትን ምግብ እንዲበላ ሲመከር፣ የአሰር ጠባይ አንድ ብቻ አለመሆኑን አስቀድሞ ሊረዳ ይገባዋል፤ አጃና ተልባ በውሃ ሲርሱ እየተሟለጉ ሰገራን ያለዝባሉ፣ የስንዴ ፍሩሽካ ግን ሳይሟሟ አልፎ የታወከውን አንጀት ብዙ ጊዜ ይብሱን ያውከዋል። የአሜሪካ የጨጓራና የአንጀት ሐኪሞች ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የሚሟሟውን እንጂ የማይሟሟውን አልመከረም። ስለዚህ አጃ፣ ካሮት፣ ድንችና ብርቱካን ያለ ብዙ ምርመራ ግዛ።

በታሸገው ምግብ ላይ ግን ተጠንቀቅ፤ ይህን በብዙ ሕመም ስለ ተማርሁት አጥብቄ እናገራለሁ። እዚህ በአሜሪካዋ ዴንተን ከተማ ወደ መደብር ገብተህ ከቀኑ ልክ፣ ከ28 ግራም አሰር (ፋይበር)፣ ከፍ ያለውን ድርሻ እሰጣለሁ የሚል ብስኩት ብታገኝ፣ በፊቱ ለተጻፈው ቁጥር ሳትማረክ ጀርባውን ገልብጠህ የተሠራበትን ነገር ዝርዝር እስከ መጨረሻው አንብብ። ኢኑሊን ወይም ቺኮሪ ሩት የሚል ካየህ መልሰህ አስቀምጠው። ኢኑሊን በውሃ የሚሟሟ ቢሆንም አንጀት ውስጥ ፈጥኖ ስለሚብላላ ሆድን በነፋስ ይነፋል፤ «የሚሟሟ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃህም ማለት ነው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ይኸው ነገር በገበታችን ላይ ይመጣል፤ ነፋስ የሚፈጥረው ነገር በምስርም፣ በሽሮም፣ በቀይና በነጭ ሽንኩርትም አለና። እኔ የቆርቆሮ ምስር እመርጣለሁ፤ ውሃውን ደፍተህ ደኅና አድርገህ ብታጥበው ከሚያውከው ብዙው አብሮ ይሄዳል። ሽንኩርቱንም በትልልቁ ቆርጠህ ጠብታ ውሃ ሳይነካው በዘይት ብቻ አቁላላና አውጣው፤ ጣዕሙ በዘይቱ ይቀራል፣ አዋኪው ግን በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟም። ከአገር ቤት የተላከልህ ሽሮ ነጭ ሽንኩርት ተጨምሮበት የተፈጨ እንደ ሆነ ግን ይህ ዘዴ አይረዳህምና፣ እባክህ ሳይላክ በፊት ጠይቅ።

ተልባውን ፈጭተህ በውሃ በጥብጠህ ጠጣ፤ ማር አትጨምርበት፣ እርሱም ያውካልና። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ በቀን እስከ 1 የሾርባ ማንኪያ ይፈቅዳል፤ አንተ ግን በሻይ ማንኪያ ጀምረህ፣ ውሃ እያበዛህ፣ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ጨምር። በሰገራህ ደም ካየህ ወይም ያለ ምክንያት ከከሳህ የምግቡን ነገር ትተህ ፈጥነህ ወደ ሐኪም ሂድ።