የልጅሽ ስም ደብተሩ ላይ ይኑር

እታለም፣ ባለፈው ስትነግሪኝ የጤና መድኑን ለሌሎቹ ልጆች አሳድሳችሁ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን ልጅሽን ግን ትታችሁታል። «ምን ሕክምና አለው ብለን ነው» አልሽኝ። ነገሩ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ስለማዝንልሽም፣ ስለምወድሽም በግልጽ እነግርሻለሁ፤ ከልጆችሽ ሁሉ የመድኑን ደብተር አብዝቶ የሚፈልገው እሱ ነው።

እውነት ነው፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት እንደ ወባ በክኒን አይድንም። ልጁ ግን የሚታመመው እንደ ሌሎቹ ልጆች ነው፣ እንዲያውም ከእነሱ የባሰ። ጆሮው ያመዋል፣ ጥርሱ ይበሰብሳል፣ ደረቱን ሳል ይይዘዋል፤ ችግሩ እንደ ታናሹ «እዚህ ጋ አመመኝ» ብሎ አለመናገሩ ነው። የኔን ልጅ ታውቂያታለሽ፣ ዳውን ሲንድሮም ነው ያለባት። እንደ እሷ ካሉት ልጆች ግማሽ የሚሆኑት ልባቸው ላይ ከልደት የመጣ ችግር ይኖርባቸዋል። እንቅርትን የሚያመጣው የታይሮይድ ዕጢም ብዙ ጊዜ ይደክምባቸዋል። ሁለቱም በምርመራ ይታወቃሉ፣ ሕክምናም አላቸው። «እንዲህ ሆና ነው የተፈጠረችው» ተብሎ ቢታለፍ ኖሮ ድካሟን ሁሉ በአእምሮዋ እናሳብበው ነበር። ያንቺም ልጅ ስሙ ሲጠራ የማይዞረው ምናልባት ስለማይሰማ ይሆናል። ኦቲዝም ነው ወይም ሌላ ነው ከመባሉ በፊት ጆሮው መታየት አለበት።

ደግሞ ይሄ መድን ከሌላ አገር የመጣብን ነገር አይምሰልሽ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም በሙከራ ሲጀመር በአገሪቱ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የኛው ተሁለደሬ ነበር፤ ከአማራ ክልል ከፎገራና ከደቡብ አቸፈር ጋር። ሐይቅና ዙሪያዋ ያለው ገበሬ በአገሩ ቀድመው ካዋጡት አንዱ ነው። ነገሩ ያኔም ለወሎ ሰው አዲስ አልነበረም፣ ቅሬ እናውቃለን። ሞት ሳይመጣ ታዋጪያለሽ፣ ሲመጣ ሁሉም ይደርስልሻል። መድኑም ሕመም ሳይመጣ የሚዋጣ ቅሬ ነው። በቅሬ ቤተሰብሽን ስታስመዘግቢ «ይሄኛው አይቆጠርም» ብለሽ የምታስቀሪው ልጅ አለ?

አሁን አካሄዱን ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው የሚጉላላው እዚህ ላይ ነውና። መጀመሪያ የምትሄጂው ጤና ጣቢያ ነው። ከአቅማቸው በላይ ከሆነ ሪፈር ይጽፉልሻል፣ በዚያ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያም ካስፈለገ ደሴ ትደርሻለሽ። ሪፈር ሳትይዢ ከውጫሌ ተነስተሽ በቀጥታ ደሴ ከገባሽ ግን መድኑ እያለሽም ከሒሳቡ ከፊሉ ከኪስሽ ይወጣል። ሪፈሩ ላይ ማኅተም መኖሩን ከበሩ ሳትወጪ እዪ። ከደሴ ስትመለሺም ባዶ እጅሽን አትምጪ። ሐኪሙ ምን እንዳገኘ፣ የትኛውን መድኃኒት በምን ያህል መጠን እንዳዘዘ ለጤና ጣቢያው የሚመልሰውን ወረቀት እንዲጽፍልሽ ለምኚው። ያ ወረቀት ከሌለ ጤና ጣቢያው ከዜሮ ይጀምራል፣ በየወሩም ለመድኃኒት ብቻ ደሴ ትመላለሻለሽ። የመኪናውን ደግሞ መድኑ አይከፍልልሽም።

ስለዚህ አንድ ደብተር ግዢ። ለልጁ ብቻ። ክትባቱ፣ ሪፈሩ፣ የምርመራ ውጤቱ፣ የመድኃኒቱ ስም፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ይግባ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤትሽ ስትመጣ አሳዪያት። ትምህርት ቤት ስታስገቢውም ይዘሽው ሂጂ፤ አስተማሪው ልጁ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ካላወቀ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ሲወድቅ ሁሉም ይደነግጣል፣ ከዚያ «ቤት ይዋል» ይሉሻል። ቀበሌው፣ ጤና ጣቢያው፣ ሆስፒታሉና ትምህርት ቤቱ ስለ አንድ ልጅ እርስ በርስ መነጋገር ነበረባቸው። አይነጋገሩም። የሚያገናኛቸው ያንቺ ደብተር ነው። ይሄ ያንቺ ሥራ መሆን አልነበረበትም፣ እኔም በየስብሰባው ከመናገር አልቦዝንም። እስኪስተካከል ድረስ ግን ልጁ አይጠብቅም።

ስለሚጥለው ነገር አስረግጬ ልንገርሽ። በሚጥለው ጊዜ ክብሪት ለኩሰው እንዲያሸቱት አትፍቀጂ፣ አፉ ውስጥም ማንኪያ አታስገቢ። በጎኑ አስተኚው፣ አንገቱ ላይ የጠበቀውን ልብስ አላሊለት፣ ሰዓት እዪ። 5 ደቂቃ ካለፈው ይዘሽ ሩጪ። ስንት ደቂቃ እንደቆየና በየትኛው ቀን እንደጣለው ደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ ለሐኪሙ ከዚህ የሚበልጥ መረጃ የለም። ፌኖባርቢታልን የመሰለ የቆየና ርካሽ መድኃኒት በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሰጥ ነው፣ ለመድን አባል ደግሞ በመድኑ። እማማ ጸበል ይጠመቅ ይላሉ፣ አማትሽ ወዳጃ ይደረግለት ይላሉ። ይሁን፣ ሁለቱም ይደረግለት፣ የሚጸልይለት ሰው መብዛቱ ደግ ነው። ክኒኑን ግን አንድ ቀን አታቋርጪ። በድንገት ሲቋረጥ ከበፊቱ የባሰ ሊጥለው ይችላል።

እድሜውንም ከወዲሁ አስቢበት። 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወላጆቹ መዋጮ ይታቀፋል፤ 18 ሲሞላው ግን እንደ ማንኛውም ጎልማሳ ለብቻው ይቆጠራል፣ ተጨማሪም ይከፈልለታል። ልጄ ያን እድሜ ስትደርስ አንድ ቢሮ ውስጥ «ለሷ ደግሞ ምን ያስከፍላችኋል፣ እሷ እኮ አታውቅም» አሉኝ። ከፍዬ፣ ፎቶዋን አስለጥፌ ወጣሁ። አንቺም እንዲሁ አድርጊ። አቅም ከሌለሽ ደግሞ መክፈል ለማይችሉ ሰዎች ክልሉና ወረዳው የሚሸፍኑት አለ፤ የሚመረጡት በቀበሌው ሕዝብ ፊት ነው። በዚያ ስብሰባ ልጅሽን ቤት ቆልፈሽ አትምጪ፣ ይዘሽው ነይ። ያላዩትን ልጅ ማንም አይመርጥልሽም። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምታስገቡትን ልጅ ቀበሌው ከየት ያውቀዋል?

መድኑ ሁሉን ይሸፍናል ብዬ አልዋሽሽም። መነጽር አይገዛም። ንግግር የሚያስተምር ባለሙያማ በመድንም በገንዘብም እኛ ጋ አይገኝም። ለኦቲዝም ልጆች መጀመሪያ የተነሳችው ዘሚ የኑስ ናት፤ የራሷን ልጅ የሚቀበለው ትምህርት ቤት ስታጣ በፈረንጆቹ 2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ማዕከልን ከፈተች፣ በ2013 ዓ.ም እስክታርፍም ድረስ ለእነዚህ ልጆች ጮኸች። ከውጫሌ አዲስ አበባ ግን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አገራችን በ2002 ዓ.ም ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በጤና መድን ማንንም በጉዳቱ ምክንያት ማግለልን ይከለክላል፣ አገልግሎቱም ገጠር ድረስ እንዲቀርብ ያዛል። ለሰው መናገር ሲከብድሽ ይሄንን አስቢ፤ የምትጠይቂው ችሮታ አይደለም፣ የተፈረመልሽን ነው።

ብቻሽንም አትጠይቂ። በሱሉላም፣ በውጫሌም፣ በየገጠሩም እንደ አንቺ ያሉ እናቶች አሉ፣ ተደብቀው ነው እንጂ። ሦስት አራት ሆናችሁ ጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋ ግቡ። ለሚጥላቸው ልጆች በወር አንድ ቋሚ ቀን እንዲመደብላችሁ፣ መድኃኒቱም ከማለቁ በፊት እንዲጠየቅ አመልክቱ። ከደሴ ባለሙያ በየጊዜው እንዲመጣም ጠይቁ። አንዲት እናት ስትጠይቅ ለቅሶ ይመስላቸዋል። አራት ሲሆኑ አቤቱታ ነው፣ ይመዘገባል።

አብሽሪ እህቴ፣ ከእህሉ ውቂያ በኋላ ምዝገባው ይከፈታል። ባልሽ «ቆይ» ቢልሽ አትቆዪ። የልጁን ፎቶ አስነሺ፣ ቀበሌ ሂጂ፣ ስሙን ከነአባቱ በትክክል አስጽፊ፣ የመድኑን ደብተር ተቀብለሽ ስሙ መኖሩን በዓይንሽ አይተሽ ተመለሺ። የሚያስቸግርሽ ካለ ሐይቅ ነኝ፣ ደውይልኝ፣ አብረን እንገባለን።