ኤሊን በግቢ ስለ ማኖርና የቤተ ሰብን ጤና ስለ መጠበቅ

ሰው ከእንስሳት ጋር በአንድ ግቢ መኖር የጀመረው ከጥንት ዘመን ነው። ዶሮና ፍየል፣ ውሻና ድመት እያንዳንዳቸው ስለሚሰጡት ጥቅም በየቤቱ ይኖራሉ። ከእነዚህም ሌላ በአንዳንድ ግቢ ውስጥ ለልጆች መጫወቻ ሆና የምትኖር ኤሊ ትገኛለች። ኤሊ አትጮኽም፤ ማንንም አታሳድድም፤ ምግቧም ሣር ስለ ሆነ ብዙ ወጪ አታስወጣም። በዚህ ምክንያት ስለ አያያዝዋ ማሰብ የሚያስፈልግ የማይመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን አያያዝዋ ሲበላሽ ለእርሷ ሞትን፣ ለቤቱ ሕፃናት ደግሞ ብርቱ ተቅማጥን ሊያመጣ ስለሚችል፣ በዚህ ወር ትምህርታችን ይህንኑ ጉዳይ ከጉባ ወረዳ የአየር ጠባይ ጋር እያገናዘብን እናስረዳለን።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው

ኤሊ የዱር እንስሳ ናት። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ በመንገድ ላይ ወይም በጫካ ውስጥ የተገኘችውን ኤሊ ወደ ቤት ማምጣት አይገባም። ከዚህ በታች የምንሰጠው ምክር አስቀድሞ በግቢ ውስጥ ለምትኖር ኤሊ ነው፤ ባለቤቱም ስለ ፈቃዱ ጉዳዩ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ይጠይቅ። ደግሞም ኤሊ ከ50 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች፤ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ ባለው ደረቅ አገር የሚገኘው ትልቁ የኤሊ ዓይነትም ክብደቱ ከ80 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል። ዛሬ በመዳፍ የምትያዘው ነገ አንድ ሰው የማያነሣት ትሆናለች ማለት ነው።

ከኤሊ ወደ ሰው ስለሚተላለፈው በሽታ

በኤሊ አንጀት ውስጥ ሳልሞኔላ የሚባል፣ በዐይን የማይታይ ተሕዋስ ይኖራል። ይህ ተሕዋስ ኤሊዋን ብዙውን ጊዜ አያሳምማትም፤ ስለዚህ ጤነኛ መስላ ብትታይም ከበሽታው ነጻ ናት ማለት አይቻልም። ተሕዋሱ ከዓይነ ምድሯ ወደ ድንጋይዋ፣ ወደ እግሯና ወደ መጠጫዋ ውሃ ይዛመታል። ልጅ ኤሊዋን ዳስሶ ሳይታጠብ እጁን ወደ አፉ ሲያደርግ፣ ወይም እናት የኤሊዋን ሳሕን በወጥ ቤት ዕቃ መካከል ስታጥብ በሽታው ወደ ሰው ይገባል። ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥም ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ይጀምራል። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት፣ ሽማግሌዎችና በሌላ ሕመም የተዳከሙ ሰዎች ናቸው።

በአሜሪካ አገር ሕፃናት ትንንሽ ኤሊዎችን ወደ አፋቸው እያስገቡ በብዛት ስለ ታመሙ፣ መንግሥቱ በ1975 እ.ኤ.አ. ርዝመታቸው ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች የሆኑ ኤሊዎች ለቤት እንዳይሸጡ ከልክሏል። ከዚህ የምንማረው፣ በሽታው ለሀብታምም ለድኻም ቤት የማይመለስ መሆኑን ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንድትፈጽሙ እናሳስባለን፦

1ኛ/ ኤሊዋ ወደ መኝታ ቤት፣ ወደ ወጥ ቤትና ወደ ውሃ ማስቀመጫ አትግባ።
2ኛ/ ኤሊዋን የነካ ሰው ሁሉ ወዲያውኑ እጁን በውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ ሳሙና ቢታጣ በአመድ ይሽ።
3ኛ/ መጠጫዋና መመገቢያዋ ለእርሷ ብቻ የተለየ ይሁን፤ እጣቢውም ከጉድጓድ ውሃና ከምንጭ ርቆ ይደፋ።
4ኛ/ ዕድሜው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ኤሊዋን በዐይኑ ይያት እንጂ በእጁ አይንካት።

ስለ መኖሪያዋ

የኤሊ ሰውነት እንደ ሰው የራሱን ሙቀት አይጠብቅም፤ አየሩ ሲሞቅ ይሞቃል፤ ሲቀዘቅዝ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በደጋ አገር ጠላቷ ብርድ ሲሆን፣ በጉባ ግን ጠላቷ ሐሩር ነው። ጉባ በመተከል ዞን በዓባይ ሸለቆ ያለ ቆላ ነው። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በዚሁ ወረዳ ከተጣለ ወዲህ ከደጋ የመጡ ሰዎች በዚያ ሠርተዋል። በደጋ የለመዱትን ይዘው ኤሊን ጥላ በሌለው ስፍራ ማሰር በቆላ እርሷን መግደል ነው።

ጎጆዋ በዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ጣራው ሣር፣ ወለሉ ደረቅ አፈር ይሁን። በክረምት ጎርፍ እንዳይገባበት ከፍ ባለ ቦታ ይሠራ። የማለዳ ፀሐይ ግን አትከልከል፤ በቆዳዋ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ድንጋይዋን የሚያጠነክር ነውና። አጥሩን በአገሩ በብዛት በሚበቅለው ሽመል ማጠር ይቻላል፤ ኤሊ ግን ወዲያ ማዶ የሚታያትን አጥር ደጋግማ ስለምትገፋ፣ የታችኛው ክፍል በጭቃ ይመረግ ወይም በድንጋይ ይካብ። የታጠረች ኤሊ ከሰደድ እሳት ልትሸሽ ስለማትችል፣ በበጋ ወራት በአጥሩ ዙሪያ ያለው ደረቅ ሣር ይጨድ።

ድንጋይዋን በስቶ በገመድ ማሰር ጭካኔ ነው። ያ ድንጋይ መሳይ ነገር ሕይወት ያለው አጥንት ነው፤ ደምም ስሜትም አለው፤ በቀዳዳውም ቁስልና መግል ይገባል።

ምግቧ ልዩ ልዩ ሣርና ቅጠል ይሁን። እንጀራ፣ ሥጋና ወተት ለአንጀቷ አይስማሙም። የተወቀጠ የዕንቁላል ቅርፊት ጥቂት በጥቂት ቢጨመርላት ለአጥንቷ ይጠቅማል። ውሃዋ አንገቷን ሳትቸገር በምታጎነብስበት ዝርግ ዕቃ ይቅረብ፤ በየቀኑም ይለወጥ። ዐይኗ ያበጠ፣ አፍንጫዋ የሚፈስስ ወይም መብላት የተወች ኤሊ ለእንስሳት ሐኪም ትታይ።

ሕመም ቢደርስ

ኤሊ ባለበት ቤት ሕፃን ተቅማጥ ቢይዘው፣ ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ በቤታችሁ ኤሊ መኖሩንም ለባለሙያው ንገሩ። እስክትደርሱም ድረስ የእናት ጡት አይቋረጥበት፤ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ካለ በእሽጉ ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ ጥቂት በጥቂት አጠጡት። በቆላ ሙቀት የሕፃን ሰውነት ውሃ ፈጥኖ ያልቃልና፣ ነገ ይሻለዋል ብሎ መጠበቅ አደገኛ ነው።

እንግዲህ የኤሊዋ ቤት በሥርዐት ሲሠራ የሰውም ቤት ይጠበቃል። በራሷ አጥር ውስጥ፣ በራሷ ሳሕን የምትኖር ኤሊ እርሷም ትድናለች፤ ልጆቻችሁም ይድናሉ። ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ማንበብ ለማይችለው ጎረቤታችሁ እንድታሰሙልን አደራ እንላለን።